ከአባይ በረሃ እስከ ፎገራ ሜዳ፦ የጎንደር መንገድ የሚሰበረው የት ነው?

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ 43 ሜትር ይሰፋል። በየአቅጣጫው ሦስት የመኪና መስመር፣ በጎኑ ደግሞ የብስክሌትና የእግረኛ መተላለፊያ አለው። ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። ጠባቡን አሮጌ ድልድይ ለሚያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ተሳቢው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው 60 ዓመት ገደማ በአንድ መተላለፊያ ሲጋፉ ኖረዋል። ደስታው ተገቢ ነበር። ችግሩ ስለዚህ መንገድ የምናወራው ሁሉ ድልድዩ ላይ ጀምሮ እዚያው ማለቁ ነው።

ከአዲስ አበባ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር ሌላ 180 ኪሎ ሜትር አለ። ከፎገራ የተነሳ ሽንኩርት ሳይበላሽ መርካቶ መድረሱን፣ ከጎንደር ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ በሰዓቱ ሆስፒታል መግባቱን፣ ማዳበሪያው ከዝናቡ ቀድሞ ገበሬው እጅ መድረሱን የሚወስነው ድልድዩ ሳይሆን በዚህ ርቀት ላይ ያሉት ጥቂት ደካማ ቦታዎች ናቸው። እነዚያ ቦታዎች ደግሞ የሚሰበሩት በጭነት ብቻ አይደለም። ከበላያቸው በሚወርድ፣ ከጎናቸው በሚተኛ ውኃ ነው። አስፋልቱ ባለቤት አለው፤ ይመረቃል፣ በጀት ይያዝለታል። ከአስፋልቱ በላይ ያለው ተዳፋት፣ ከሥሩ ያለው ቱቦ፣ ቱቦው የሚያፈስበት ማሳና ወንዝ ግን የማንም አይደሉም፤ ወይም የብዙዎች ናቸው፣ ውጤቱም ያው ነው። ይህ ካልተለወጠ በየዓመቱ የሚለበሰው አስፋልት በየክረምቱ ይሄዳል።

አንድ ወንዝ፣ ሁለት መሻገሪያ

አባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና እንደወጣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ጎጃምን ይከባል። ስለዚህ ከሸዋ ጎጃም የሚገባም፣ ከጎጃም ወደ በጌምድር የሚሻገርም አባይን ሳያገኝ አያልፍም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1626፣ ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች አላታ ላይ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው ለዚሁ ነበር። የዛሬው አውራ ጎዳናም ያንኑ ወንዝ ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ አንዴ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ አንዴ ባሕር ዳር ላይ።

በባሕር ዳር ወንዙ ሰፊና ረጋ ያለ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ የጎደለው ድልድይ ነበር፤ ድልድዩ ሲሠራ ነገሩ አለቀ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የአባይ በረሃ ውስጥ ግን ድልድዩ ቀላሉ ሥራ ነው።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ መንገዱ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደጀን ለመድረስ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሁሉም በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል። ቁልቁለቱና ዳገቱም በዚያው እርዳታ ታድሰው ነበር። ድልድዩ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሁለቱም ወገን ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከታደሰ ብዙም ሳይቆይ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ምክንያቱ ከመሬቱ አቀማመጥ ይመጣል። የበረሃው አናት ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከኖራው በታች ጂፕሰምና ለስላሳ የጭቃ ድንጋይ ተነባብረዋል፤ ከሁሉም በታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። ወንዙ በሚሊዮኖች ዓመታት ይህን ሁሉ ሰንጥቆ ሲወርድ ከላይ የተናደው ቋጥኝና ልል አፈር በተዳፋቱ ላይ ተከምሮ ቀረ። መንገዱ ረጅም ቦታ ላይ የተቀመጠው በዚህ ክምር ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው በልል አፈሩ ውስጥ ይሰርግና የጭቃ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል፤ እዚያው ያቁራል። ያኔ ክምሩ በሙሉ፣ መንገዱን እንደ ተሸከመ፣ ቀስ እያለ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። አስፋልቱ እንደ ተገፋ ምንጣፍ ተሸብሽቧል። ቀጥ ብሎ የመጣው የመንገድ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ወደ ገደሉ ጎበጥ ይልና ከጥቂት ሜትር በኋላ ተመልሶ ይስተካከላል። በተራራው ወገን ያለው የኮንክሪት ቦይ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተላቋል፤ ክፍተቱ እጅ ያስገባል። ጉዳቱ የሚባባሰው በዚህ ክፍተት ነው። ቦዩ የተሠራው ከላይ የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ ወደ ሌላ ቦታ እንዲወስድ ነበር፤ ከተሰነጠቀ ግን ውኃውን ሰብስቦ በቀጥታ ወደሚንሸራተተው ክምር ሆድ ይከትተዋል። ድልድዩ ከተመረቀ በኋላም የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የዚህን በረሃ የመሬት መንሸራተት አጥንቷል። የእንዲህ ዓይነት ቦታ የመጀመሪያ መድኃኒት የታወቀ ነው፦ ውኃውን ከመሬቱ ማውጣት። ቦዩን መጠገን፣ ከመንገዱ በላይ ያለውን ፍሳሽ አስቀድሞ መቀልበስ፣ በተዳፋቱ ውስጥ የማፋሰሻ ቧንቧ መቅበር ያስፈልጋል። እኛ አዘውትረን የምናየው ሥራ ግን የወረደውን ቦታ በጠጠር ሞልቶ አስፋልት ማልበስ ነው። ይህ መኪና ያሳልፋል፤ በሚንሸራተተው ክምር ላይ ግን ተጨማሪ ክብደት ይጭናል።

የጭነት መኪናው ድርሻም አለ። አንድ የመኪና አክሰል፣ ማለትም ጎማዎቹን ግራና ቀኝ የሚይዘው ዘንግ፣ በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በአራተኛ ርቢ ገደማ (ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ እንደ ተባዛ) ነው የሚያድገው። 10 ቶን መጫን ያለበት አክሰል 12 ቶን ከተጫነ፣ ጭማሪው አንድ አምስተኛ ሲሆን ጉዳቱ ግን እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ደረቅና ጠንካራ መሠረት ባለበት ነው። ሥሩ በረጠበ መንገድ ላይ ከዚያም ይከፋል። ስለዚህ የሚዛን ጣቢያ ላይ የሚታለፍ እያንዳንዱ ትርፍ ጭነት በኋላ ከመላው ሕዝብ ኪስ የሚከፈል ዕዳ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ስለ ጸጥታው ሳያነሱ መጻፍ አይቻልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ በርካታ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ አቅም የሌለው ቤቱ ይቀራል ወይም ነፍሱን ለፈጣሪ ሰጥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል። ከሰው ሕይወት ጋር የሚወዳደር ነገር የለም። መዘዙ ግን መንገዱ ላይም ያርፋል፤ ቦይ የሚጠርግ ሠራተኛ፣ ናዳ የሚያነሳ ዶዘር በሰላም ካልተንቀሳቀሰ በአንድ ሳምንት የሚጠገን ስንጥቅ ሁለት ክረምት ያድራል። ሰላም ሲወርድ የምናገኘው መንገድ የተዘጋ ዕለት የነበረው መንገድ አይሆንም።

ደጋው

ከደጀን እስከ መርዓዊ ያለው መንገድ ለዓይን የሚያምር፣ ለመንገድ መሐንዲስም በንጽጽር የሚቀል ነው። ጤፉና ስንዴው ያልፋል፤ ጮቄ በቀኝ በኩል በሩቁ ይታያል፤ ቡሬ ላይ በቆሎው ይመጣል። እንጅባራ አካባቢ የዘንገና ሐይቅ፣ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተቀመጠው ክብ ውኃ፣ ከመንገዱ ዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ነው።

አዊ ላይ ግን ለነገራችን የሚጠቅም ነገር አለ። ገበሬው አሲዳማ የሆነ፣ ሰብል የማይሰጥ መሬቱን ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለበት። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ አፉ በቅጠል ተከድኖ በመንገዱ ዳር ይደረደራል። ተዳፋቱም ለመንገዱ ተብሎ የታዘዘ ሰው ሳይኖር ለምለም ሆነ። ሰው በሚያገኘው ገቢ ምክንያት መሬቱን ከሸፈነ ጎርፉ ይቀንሳል ማለት ነው። ቅርብ ጊዜ ዛፉን የመታው በሽታ ግን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል፤ ተተኪ ካልተገኘ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው መንገድም ይጎዳል።

ፎገራ፦ መንገዱ ግድብ ሲሆን

ባሕር ዳርን ለቆ ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ወረታና ወደ አዲስ ዘመን የሚሄደው መንገድ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳ ደግሞ ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ከበረሃው ቀጥሎ የሚያሳስበው ይህ ነው። ጣናን የሚመግቡት አራቱ ታላላቅ ወንዞች ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚመጣው በእነሱ ነው። ጉማራና ርብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ወገን ተነስተው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጋሉ። ውኃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከማሳው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነም በውኃው ፊት እንደ ረጅም ግድብ ይቆማል፤ የግድቡ በሮች ድልድዮቹና ቱቦዎቹ ብቻ ናቸው።

በሐምሌና በነሐሴ ከአንዱ ቱቦ አፍ ላይ ቆሞ ማየት በቂ ነው። የሩዝ ገለባ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የደፈረሰ አፈር ተጠቅጥቀው ግማሹን ደፍነውታል። ጥቂት ሜትር አለፍ ብሎ አንድ ሰው ጋሪውን ወደ ግቢው ለማስገባት በቦዩ ላይ አፈርና ድንጋይ ደልድሎበታል። ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም፤ መንገዱ ሲሠራ መግቢያ አልተተወለትም። በምሥራቅ በኩል ያለው ማሳ ግን ውኃ ተኝቶበታል፤ ከመንገዱ ማዶ በምዕራብ ያለው ደረቅ ነው።

ይህ የተኛ ውኃ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ የገበሬውን ማሳ ያሰጥማል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው በፎገራና በአካባቢው ብዙ ሺህ ሰው ማፈናቀላቸውን የአገሩ ሰው አልረሳውም። ሁለተኛ መንገዱን ከሥሩ ይበላዋል። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ሚያዝያ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፤ መስከረም ሲያልፍ እንደገና ይኮማተራል። አስፋልቱ መሐሉን ስለሚሸፍነው ከመሐሉ በታች ያለው አፈር እርጥበቱ ብዙም አይለወጥም። ጠርዙ ግን በየዓመቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ለዚህ ነው በሜዳው ላይ መንገዱ ከዳር ጀምሮ በቁመቱ የሚሰነጠቀው። ስንጥቁ ውኃ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው የቀረውን ይጨርሰዋል። መንገድ ሲሠራ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ግማሹ መፍትሔ ነው፤ ሌላው ግማሽ ውኃውን ከጠርዙ ማራቅ ነው።

ውኃውን ከጠርዙ ማራቅ ደግሞ ባለፉት 40 ዓመታት ከባድ ሆኗል፤ ምክንያቱም ፎገራ ራሱ ተለውጧል። ሜዳው ቀድሞ በፎገራ ከብትና በጓያ የሚታወቅ፣ ክረምት ሲሆን ለውኃው የሚለቀቅ ግጦሽ ነበር። ሩዝ ሲመጣ ውኃው ከጠላትነት ወደ ሀብትነት ተለወጠ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ተስፋፋ፤ ወረታ የሩዝ መፈተጊያ ወፍጮ ከተማ ሆነች፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተቋቋመ። በበጋ ደግሞ ገበሬው ከርብና ከጉማራ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ይህ በገዛ እጁ የተገነባ ሀብት ነው፤ አንድም ሰው ለመንገዱ ሲባል ሩዝህን ተው ሊባል አይገባም። ነገር ግን ለሩዙ ውኃ የሚያቁረው ትንሽ ድልድል ብዙ ቦታ ላይ ከመንገዱ እግር ጋር ተያይዟል። የመንገዱ ዲዛይን የሚያስበው ግጦሽ ነበር፤ ጎረቤቱ ግን ለወራት ውኃ የሚያቁር ማሳ ሆነ። በመንገዱ እግርና በሩዙ መካከል ጥቂት ሜትር ደረቅ መሬት ማስቀረት፣ ለተወሰደው መሬት ለገበሬው ተገቢውን ካሳ መክፈል፣ በየተወሰነ ርቀት ለጋሪና ለከብት ደንበኛ መሻገሪያ መሥራት አስፋልት ደግሞ ከማንጠፍ በእጅጉ ይቀላል።

ሌላው አሸዋ ነው። ባሕር ዳር እያደገች ነው፤ ሕንጻውም፣ ኮብልስቶኑም፣ መንገዱ ራሱም አሸዋ ይፈልጋል። አሸዋው የሚወጣው ከጉማራና ከርብ አልጋ ነው። አይሱዙው ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ወጣቶች በአካፋ ይጭናሉ። ከድልድይ አጠገብ አሸዋ ሲወጣ የወንዙ አልጋ ይጎደጉዳል፤ ጎርፉ ሲመጣ የድልድዩን እግር ይቦረቡረዋል። በላይ ምን ያህል ውድ ድልድይ ቢኖር ሥሩ ሲራቆት ዋጋ የለውም። ጉዳቱ በድልድይ ብቻ አያበቃም። በጣና ብቻ የሚገኙ ከ15 የማያንሱ የባርቡስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱም በርካቶቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠራማና ንጹሕ አልጋ ነው። ያ አልጋ ተጭኖ ሲሄድ የባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ መረቡ ለምን እንደቀለለ ሐይቁ ውስጥ ይፈልጋል፤ መልሱ ግን መንገዱ ሥር ነው።

የሐይቁም ነገር ከዚህ አይለይም። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር አይሞላም። ከጉና የተጠረገው አፈር፣ ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው ዘይትና ቆሻሻ መድረሻው እሱ ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ መታየት ከጀመረ ወዲህ ክፉኛ የተንሰራፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ርብና መገጭ በሚገቡበት ወገን ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መንገዱን ተከትሎ የሚዘረጋው ግንባታ ግን ጎርፉን ያጣሩ የነበሩ ረግረጎችን በአፈር እየደለደለ ነው። ደንገሉ የቆመበት መሬት ባዶ መሬት አይደለም፤ ለሐይቁ ማጣሪያ፣ ለመንገዱ የጎርፍ ማረፊያ ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

አስፋልቱ የፌዴራል ነው። የከተማው ቦይ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ማሳው የገበሬው፣ ወንዙ የክልሉ፣ የአሸዋው ፈቃድ የወረዳው፣ የተራራው ሥራ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ነው። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና ብቻ እንዲውል። ነገር ግን ጥገና ሲባል ከመንገዱ ወሰን አይወጣም፤ በሽታው ያለው ደግሞ ከወሰኑ ውጪ ነው።

አዲስ ተቋም አያስፈልገንም። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ያስራል። ይህ በሚሊዮን የሚቆጠር የሰው ጉልበት ቦታው ሲመረጥ ግን ለቀበሌው የሚቀርበው ኮረብታ ይመረጣል እንጂ ጎርፉ የትኛውን ቱቦ እንደሚደፍን ታስቦ አይደለም። የመንገዶች አስተዳደር በየክረምቱ የትኛው ቱቦ እንደሚሞላ፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚወርድ ያውቃል፤ የጥገና መዝገብ አለው። ያ መዝገብ ከታኅሣሥ በፊት በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ዘመቻው የሚጀምርበትን ቦታ ይነግረዋል። በትግራይ ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ እየቀለበሱ ለመስኖ የመጠቀም ሥራ በስፋት ተሞክሮ ጉድጓዶች ውኃ እንዲያገኙ ረድቷል። በደራና በሊቦ ከምከም ደረቃማ ተዳፋቶች ላይ ይህን መሥራት ለገበሬውም ለመንገዱም ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም ቀላል ነው። ቱቦና ቦይ የሚጠረገው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሰኔ ላይ ከተጀመረ ረፍዷል። የፎገራ ቀበሌዎች ወጣቶች በቀን ሒሳብ ተቀጥረው ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን ያለውን እያንዳንዱን ቱቦ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢጠርጉ ለአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ይጠይቃል። አሸዋ የሚጭኑትም እነዚሁ ወጣቶች ናቸው፤ ከድልድይ አጠገብ ማውጣት ሲከለከል ደመወዙ በዚህ በኩል ሊተካላቸው ይችላል። በረሃው ውስጥ ደግሞ የሚቀጥለው የጥገና ውል ሲወጣ የመጀመሪያው ተራ ቁጥር አስፋልት ሳይሆን የተላቀቀው ቦይና የተዳፋቱ ማፋሰሻ ይሁን፤ አስፋልቱ የሚለበሰውም መሬቱ አንድ ክረምት ሳይንቀሳቀስ መዋሉ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።